ማንኪያ የሌለው ጁስ

አቶ በየነ ሮቤ ከተማ በገዛ ቤታቸው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የብርቱካን ልጣጭና የአቮካዶ ጁስ የተጣበቀበት ባዶ ብርጭቆ ነበር። ብርጭቆው የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል። መንደሩም ጊዜ አላጠፋም፤ ገዳይዋ የግቢውን የፊት ክፍል ተከራይታ ጁስ የምትሸጠው ሳቢሪን ናት ብሎ ፈረደ። ለፍርድ የሚቸኩል ሰው መቼም አይጠፋም።

ኢንስፔክተር ሐመልማል ስትደርስ ሳቢሪን ጁስ ቤቷን ከፍታ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ዝጊ ቢሉኝም አልዘጋም» አለች። «ከዘጋሁ አመንኩ ማለት ነው። ወላሂ፣ ስኳር እንዳለባቸው ከሰማሁ ወዲህ ለጋሼ ጁስ ሸጬ አላውቅም። ‹ብርቱካን ሲጨመቅ አሰሩ ተጥሎ ስኳሩ ይቀራል፤ አቮካዶውም ላይ ስኳር ይጨመርበታል፤ ፍሬውን ራሱን ይብሉ› እላቸው ነበር። ይልቅ ዛሬ ጠዋት አንድ ደንበኛ የበላበት ብርጭቆ ተሰርቄያለሁ። ጠረጴዛው ላይ ማንኪያው ብቻ ቀርቷል።»

ከሟች ጋር የሚኖሩት እህታቸው ወይዘሮ ወለተኢየሱስና የወንድማቸው ልጅ አቤሴሎም ነበሩ። ወይዘሮዋ ሬሳውን ያገኙት ከቅዳሴ ሲመለሱ ነው። አቤሴሎም ሳቢሪንን አስወጥቶ መጠጥ ቤት ሊከፍት እንደፈለገ፣ ሟች ግን «ጤናዬን የመለሰችልኝን ልጅ አላስወጣም» እንዳሉት አልደበቁም።

አቤሴሎም ሲጠየቅ አላመነታም። «እሷው ራሷ አመጣችላቸው። አጎቴም በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት።»

ሐመልማል የሟችን ነጭ ጢም ጎንበስ ብላ አየች፤ ጣቶቻቸውን አሸተተች። ወጥ ቤት ገብታም ስኒዎቹን ዳሰሰች። ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰብስባ፣ ሳቢሪን እንደወትሮዋ አንድ አቮካዶ እንድትሠራ አዘዘች። ጁሱ ከግማሽ ሎሚና ከማንኪያ ጋር መጣ።

«እንካ፣ እንደ አጎትህ ጨልጠው» አለችው አቤሴሎምን።

ብርጭቆውን ወደ አፉ ደፋው። ጁሱ ንቅንቅ አላለም።

«ይህ የሚበላ እንጂ የሚጠጣ አይደለም» አለች ሐመልማል። « ታዲያ ማንኪያው የት ሄደ? የሳቢሪን ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የተበላበትን ብርጭቆ ስታነሳ ረስተኸዋል። የነቀዝ መድኃኒቱንም ብርጭቆው ላይ የቀባኸው በኋላ ነው። አቶ በየነ ጢማቸው ንጹሕ ነው፣ ጣታቸው የሚሸተው ብርቱካን ብቻ ነው። መርዙን የጠጡት በሻይ ነው። ከስኒዎቹ ሁሉ አንዱ ብቻ እርጥብ ነው። እህታቸው ቅዳሴ ላይ ነበሩ፤ ሻዩን ያፈላኸውም ስኒውን ያጠብከውም አንተ ነህ። አጎትህን ገድለህ በሳቢሪን ስታሳብብ ክፍሉ ባዶ ይቀርልህ ነበር።»

 ፖሊሶች አቤሴሎምን ይዘው ሲወጡ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ እያለቀሱ የሳቢሪንን እጅ ያዙ፤ ክፍሉ ያንቺው ነው አሏት።

በማግስቱ፣ «ገዳይ!» እያለ ሲጮህባት የዋለው ጎረቤት ዘሪሁን አንገቱን ደፍቶ ገባና አቮካዶ አዘዘ።

«ለአንተ ጁስ የለም» አለችው። «ስኳርህ ከፍ ማለቱን ሚስትህ ነግራኛለች።»

ብርቱካን አንስታ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ልጠህ ብላ። እዚሁ፣ እያየሁህ።»