ክዳኑን ማን መለሰው?

ሬሳውን ያገኙት የፍሳሽ መኪና ሠራተኞች ናቸው። በጠዋት «መስመሩ ተዘግቷል» የሚል ስልክ ተደውሎላቸው መጡ። በጠባቡ መንገድ መሐል ያለውን የብረት ክዳን ቢያነሱት፣ የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ከመሰላሉ ሥር ተቀምጧል። እንደደከመው ሰው ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ ጣል አድርጎ! ሐኪሙ የጉድጓድ ጋዝ ነው የገደለው አለ።

መርማሪዋ ስትደርስ ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ ለምን ማለት አይሰለቻትም። ሰፈሩ ግን ለምን የሚባል ነገር አላስፈለገውም፤ ገዳዩ ፋርማሲስቱ ነው፣ አለቀ። በመንገዱ ጫፍ ባለው ባዶ ቦታ ሆስፒታል ሊሠራ ታስቧል። ፋርማሲስቱ ይሠራ ባይ፣ ሊቀመንበሩ አይሠራ ባይ ነበሩ። ይቺ መንገድ ሁለት መኪና አታሳልፍም፣ ቧንቧው የእኛንም ፍሳሽ አልቻለው፣ የሆስፒታል ሲጨመርበት የት ልንገባ ነው ይል ነበር ሟቹ። እውነቱንም ነበር። ባለፈው ስብሰባ ሁለቱ ሊተናነቁ ምንም አልቀራቸውም።

መርማሪዋ ግን ነገርን ከሥሩ ነው የምትወደው። መጀመሪያ ክዳኑ ላይ አጎነበሰች፤ መሐሉ ላይ ትኩስ የሞተር ዘይት ጠብ ጠብ ብሏል። ወደ ታች ባትሪ አበራች፤ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት እርጥብ ጆንያ የመሰላሉ ብረት ላይ ተሰቅሏል። ሰሞኑን ገንፍሎ ሰፈሩን በግማት የፈጀው ፍሳሽ ደግሞ መንገዱ ላይ ደርቆ ቀርቷል።

ከሠራተኞቹ አንዱን «መስመሩ ተዘግቶ ነበር?» አለችው።

«ኧረ ወለል ብሎ ነው የሚሄደው። የደወለው ሰው ስሙንም አልተናገረም፤ ወንድ ነው።»

ፋርማሲስቱ ዓይኑ ቀልቷል። ትናንት የመኪና ቆጣሪዎች ከማዘጋጃ ቤት ይመጣሉ ተብሎ፣ ሰፈርተኛው መንገዱ እንደማይበቃ ሊያሳይ ያለውን መኪና ሁሉ አውጥቶ እንዳቆመ ነገራት። ክላክሱ ጆሮ ስለሚበጥስ በሩን ዘግቶ ነው የዋለው።

«ይጠሉት ነበር ይባላል» አለችው።

«እንጣላ ነበር እንጂ አልጠላውም። ስጮኽበት ቁጭ ብሎ የሚሰማኝ እሱ ብቻ ነበር። እስቲ አሁን ከማን ጋር ልጣላ?» አለና ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

የሟቹ ሚስት ኩላሊቷ ከከዳት ሰንብቷል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ከተማውን አቋርጣ ለእጥበት ትሄዳለች፤ የሚወስዳት እሱ ነበር። መርማሪዋ ስታናግራት አንድ ነገር ልትናገር ብላ መልሳ ዋጠችው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሚኒባስ ነጂ ነው። ሌሊቱን ጋሼን ስፈልግ አደርኩ አለ፤ ትናንት መኪናው ፋርማሲው ደጃፍ እንደነበረች ሳይጠየቅ ሁለቴ ተናገረ። ግቢው ውስጥ ከሚኒባሷ ሥር የዓሣ ቆርቆሮ ተደቅኗል።

«ለምንድን ነው?»

«ዘይት ታንጠባጥባለች። አርጅታለች።»

ከኋላ ወንበር ሥር የተጠቀለለ ገመድ ነበር። አሸተተችው፤ ፍሳሽ ፍሳሽ ይላል።

ከሰዓት በፊት ሦስቱንም ሟቹ ቤት ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጆንያው ከቧንቧው አፍ ተስቦ የወጣ ነው» አለች። «ፍሳሹን ያገነፈለው እሱ ነበር፤ ማዘጋጃ ቤት መጥቶ ቧንቧው አልቻለም እንዲል ሆን ተብሎ የተወተፈ። ሊቀመንበሩ ትናንት የወረደው ሊያወጣው ነው፤ አውጥቶታልም። ክዳኑን ግን ከውስጥ ሆኖ አይመልሰውም። ከላይ የመለሰው ሰው አለ፤ መልሶም መኪና አቁሞበታል። ዘይቱ ይመሰክራል።»

ወደ ወንድምየው ዞረች። «መኪናህ ፋርማሲው ጋ አልነበረችም።»

ፋርማሲስቱ ብድግ አለ። «የገዛ ወንድምህን!»

«ይቀመጡ። ሬሳው ይገኝልኝ ብሎ የሚደውል ገዳይ የለም፤ የሚሄደውን መስመር ተዘግቷል ያለው እሱ ነው። ደግሞ ሚኒባሷ ውስጥ ፍሳሽ የሚሸት ገመድ አለ። ሊቀመንበሩና ወንድሙ ጆንያውን የወተፉት ሁለት ሆነው ነው፤ አንዱ ሲወርድ አንዱ ከላይ ገመድ ይዞ ይጠብቃል። ትናንት ገመዱ ሚኒባሷ ውስጥ ነው የዋለው። ለወንድሙ ቢነግረው ኖሮ ብቻውን፣ ያለ ገመድ ባልወረደ። ስለዚህ ይሄ ሰው ከታች ማን እንዳለ አላወቀም።»

ወንድምየው እጆቹን ጉልበቱ መሐል ከቷል። ድምፁ ሲወጣ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ቆጣሪዎቹ ከተባለው ሰዓት ቀድመው መጡ። ሁሉም መኪናውን ያውጣ አልኩ። እኔ ጋ ስደርስ ክዳኑ ተከፍቷል። ማነው ይሄ ግዴለሽ፣ ልጅ ቢገባበትስ ብዬ ገፋሁት። ወደ ታች አላየሁም። ክላክስ ንፉ ብዬ ያዘዝኩትም እኔው ነኝ። ጋሼ ቢጣራ ማን ይሰማዋል? ማታ እትዬ እስካሁን ቤት አልገባም ስትለኝ ያ ክዳን ትዝ አለኝ። እጄ አልከፍትም አለኝ። ማታ ብከፍተው ይተርፍ ነበር?»

ወይዘሮ ለምን ሐኪሙ ያላትን ነገረችው። ጋዙ ደቂቃ አይሰጥም፤ ማታ ቢከፍተውም ሬሳ ነበር የሚያገኘው። እውነት ነው፤ እሱን ግን አላጽናናውም።

«ለምን እንደወረደ አልጠየቅሽም» አለች ሚስትየው ድንገት። «እኔ ነኝ። ሰው እሺ ካለ ሆስፒታሉ ኩላሊት ያጥባል አሉ። እኔን ይሄ መንገድ ገደለኝ፣ ደጃፌ ቢሠራ ምናለ አልኩት። ትናንት ጠዋት ተነሥቶ ጆንያውን አወጣዋለሁ አለኝ። ቧንቧ እንደሁ ሊታደስ ይችላል፣ አንቺን ግን ከየት አመጣለሁ አለኝ። ለወንድሙ ለመናገር አፈረ። እኔም ክዳኑ ተዘግቶ ሳየው ጨርሶ ወጥቷል አልኩ።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «አንተ ልጅ እንዳይገባ ነው የዘጋኸው። እኔ ነኝ ያወረድኩት። ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ።»

ፋርማሲስቱ ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ።

«ዛሬ የእጥበቴ ቀን ነው» አለች ሚስትየው፤ የሚወስዳት ግን አልነበረም።

መርማሪዋ ቁልፏን አነሣች። ወንድምየው ቃሉን የሚሰጥበት ጣቢያም በዚያው መንገድ ነው። ሚስትየውና ወንድምየው ጎን ለጎን፣ ከኋላ ተቀመጡ፤ መኪናዋ ከመንደሩ ሳትወጣ ገና ከአንድ ጭነት መኪና ኋላ ቆመች። መንገዱ ተዘጋግቷል። ሰዓት ይሄዳል፣ ሕመምተኛዋ ዓይኗን ጨፍናለች። የመርማሪዋ እጅ ወደ ክላክሱ ሄደ።

በመስታወቱ የወንድምየውን ፊት አየች። እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው፤ መንገዱ እስኪከፈት ሦስቱም ጠበቁ።