ቦራ እስኪድን

ታዴዎስ በዚህ ዓለም ላይ መሳቂያ እንደመሆን የሚጠላው ነገር አልነበረም። ይህን ያስተማረው ትምህርት ቤት አይደለም፤ አጎቱ ነው።

ከጃጁራ መጥቶ ሆሳዕና አጎቱ ቤት ተቀምጦ ይማር ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሲወድቅ አጎቱ አቶ ኃይለ ማርያም አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ብቻ እንግዳ መጥቶ «ይሄ ልጅ ማነው?» ሲላቸው፣ «ቤት የሚያግዘን ነው» አሉ። የእህታቸው ልጅ መሆኑን ከቀረበው ዳቦ ጋር አብረው ዋጡት። ቢሮ የሚውል ሰው እንዲህ ነው፤ ዘመዱንም እንደ አሮጌ ፋይል መደርደሪያ ውስጥ ይወሽቀዋል።

ታዴዎስ በማግስቱ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ወጣ። ከገበያው ወረድ ብለው የጋሪ ፈረስ ከሚያክሙት፣ ኮቴ ከሚሞርዱት ጋሽ ፈትሁዲን ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ።

መጀመሪያ እበት ጠረገ። ከዚያ ፈረስን በየት በኩል እንደሚቀርቡት፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያስተኛ ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ከኮቴው ሥር ጠጠር እንዴት እንደሚወጣ ተማረ። ፈረስ ስንተኛ ክፍል ደረስክ ብሎ አይጠይቅም። ለታዴዎስ ይሄ ብቻውን ይበቃው ነበር።

«እንግዲህ» አሉት ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ጋሽ ፈትሁዲን፣ «ቀጥሎ የሚመጣው በሽተኛ ያንተ ነው። እኔ እጄን አላስገባም። ድኖ ሥራው ላይ ከተመለሰ የኮቴ ቢላ እሰጥሃለሁ፤ ባለሙያ ነህ። ካልዳነ መጥረጊያው እዚያ ጥግ አለልህ።»

ቀጥሎ የመጣው ቦራ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቀይ ፈረስ። ልጓሙን ይዛ ያመጣችው ሊሻን ናት።

አባቷ አቶ ኤሊያስ እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ ጋሪውን የምትነዳው እሷ ነች። ጠዋት ጠዋት ከቦኖ ለምግብ ቤቶች ውሃ ታደርሳለች። ሴት ጋሪ ነጂ እያለ የሚያፏጨውን ሁሉ አንዴ በሀዲይኛ፣ አንዴ በአማርኛ አጥግባ ትሰድበዋለች።

ታዴዎስ በፈረሱ ደረት ላይ የሚያርፈውን የመጎተቻ ቆዳ ገለጥ አደረገ። ከሥሩ ተልጦ ሥጋው ቀልቷል።

«እስኪድን ጋሪ አይጎትትም» አላት።

«እስኪድን? ቀልደኛ ነህ እንዴ አንተ! ነገ ውሃ ካላደረስኩ ከነገ ወዲያ ባጃጅ ይጠራሉ። አባቴ አልጋ ላይ ነው። የምንበላው ከዚህ ጋሪ ነው።»

«ከዚህ ፈረስ ነው። ነገ ከጠመድሽው ቁስሉ ይመረቅዛል። ከዚያ ፈረስም የለም፣ ጋሪም የለም።»

ቦራ ግንባሩን ሊሻን ትከሻ ላይ አሳረፈ። እንባዋ መጣ፤ ታዴዎስ ስላየባት ደግሞ ይብስ ተናደደች።

«ታዲያ ማን ይጎትተው? አንተ ትጎትተዋለህ?»

«እኔ እጎትተዋለሁ።»

ጋሽ ፈትሁዲን የያዙት ሞረድ ከእጃቸው ወደቀ።

በማግስቱ ማለዳ ታዴዎስ በጋሪው እንጨቶች መሀል ገብቶ ቆመ። ሊሻን ከጀሪካኖቹ ጀርባ ሆና ትገፋለች። ሰው ሳይወጣ ሊጨርስ ነበር ሐሳቡ፤ የቦኖው ሰልፍ ግን አስረፈደው፣ ከተማው ተነሣ።

«ይሄኛው ፈረስ እግሩ ሁለት ነው!»

«ሊሻን፣ ገብስ ሰጥተሽዋል?»

አብሮት የተማረ ባለባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ዞረው። የታዴዎስ ጆሮ ጋለ። አንገቱን ደፍቶ ጎተተ።

አጎቱ ከሚሠሩባቸው ቢሮዎች ፊት ሲደርስ አቶ ኃይለ ማርያም ከባልደረቦቻቸው ጋር መንገዱ መሀል ቆመዋል። አንደኛው፣ «ይሄ እናንተ ቤት የነበረው ልጅ አይደለም?» አላቸው።

ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«አላውቀውም» አሉ አጎቱ።

ታዴዎስ ቆመ። እጁ ላላ። ጋሪውን እዚያው ጥሎ ሊሄድ አንድ ትንፋሽ ቀረው። እሱ ቢሄድ ነገ ቦራ ከነቁስሉ እንደሚጠመድ ያውቃል፤ ቢሆንም አንድ እግሩን ከእንጨቶቹ መሀል አወጣ።

ከጀሪካኖቹ በላይ የሊሻን ራስ ብቅ አለ።

«ጋሼ! ካላወቁት መንገዱን ይልቀቁለት! የሚያውቁት ሰዎች ውሃ እየጠበቁት ነው!» ቀጥላም ወደ እሱ፣ «አንተ ደግሞ ጎትት እንጂ! ትተኛለህ እንዴ!»

አቶ ኃይለ ማርያም በተወለወለ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው መንገድ ለቀቁ። ታዴዎስ ከዚያ ቤት ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። እየሳቀ ዳገቱን ወጣው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ይጎትታል፤ ከሰዓት የቦራን ቁስል ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ያጥባል። ደረቱን የላጠው ቆዳ ሥርም ስፖንጅ ሰፋበት። ሊሻን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች።

«ግን ለምንድነው የምትጎትተው?»

«የኮቴ ቢላ እንዲሰጡኝ።»

«ለቢላ ብቻ?»

የያዘው ብሩሽ ቦራ ጀርባ ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

«አንዱ ቦታ ላይ ፀጉሩን ጨረስክበት እኮ» አለችው። ሁለቱም መሬት መሬቱን አዩ።

ቦራ ዳነ። ጋሽ ፈትሁዲን ቢላውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡት። ታዴዎስ ግን በማግስቱ ሳይታወቀው እግሩ ቦኖው ጋ ወሰደው። ቦራ ተጠምዶ ቆሟል።

«ምን ልትሠራ መጣህ? ሥራህን ፈረስ ቀማህ» አለችው ሊሻን።

«ለምዶብኝ ነው።»

«እኔም ቅድም ከኋላ ቆሜ ልገፋ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ሊሻንን ለታዴዎስ ሊጠይቁ ሽምግልና የሄዱት ጋሽ ፈትሁዲን ናቸው። «አጎት እያለህ?» ያሉትን ሰዎች ታዴዎስ አልሰማቸውም።

«የልጁ ወገን ማነው?» አሉ አቶ ኤሊያስ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ፈትሁዲን።

አቶ ኤሊያስ ክራንቻቸውን አሻሹ። «ልጅህ ሰው ጠምዳ ትዞራለች እያለ አገሩ ሲስቅብኝ ከረመ። ይሁን፤ ጌታ ይባርካቸው። የሳቁት ሁሉ ይጠሩ፣ በልተው ይሳቁ።»

በሠርጋቸው ቀን ከቤተ ክርስቲያን የወጡት በመኪና አይደለም፤ በቦራ ጋሪ ነው። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ታዴዎስ ከነሱፉ ወረደ። የቦራ ደረት ገና አዲስ ቆዳ ነው። በአንድ እጁ እንጨቱን ያዘ። ሊሻንም ቬሎዋን ሰብስባ ወርዳ ከኋላ መግፋት ጀመረች። ሰፈሩ በሳቅ አለቀ።

ከመንገዱ ዳር አንድ የሚያውቁት ድምፅ፣ «የእህቴ ልጅ ነው!» ሲል ተሰማ። አቶ ኃይለ ማርያም፣ አጠገባቸው ለቆመው ሁሉ፣ ጮክ ብለው።

ለዚህ ቀን ታዴዎስ ስንት ዓመት ያዘጋጀው መልስ ነበረው። መልሱ አፉ ላይ ደርሶ፣ ወደ አጎቱ ዞር አለ።

«አንተ፣ ጎትት እንጂ!» አለች ሊሻን ከኋላ።

ጎተተ። መልሱም ዳገቱ ላይ ጠፋበት።