ጋሽ ሣህሉ የቆጠሯቸው ወፎች

ወጣቱ ክፍሉ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ደብተር በፓፓያው ክምር ላይ አኖረው።

የድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ በቀትር ፀሐይ ይጋያል። አጠገቡ ፓፓያ የሚያማርጥ የሚመስለው ሰው ጥቅሉን አነሣ። የደኅንነት አለቃው ሻምበል ዘገዬ ነበር።

«ወንፊት፣ ሰው አይቶሃል?»

«የለም። ግን ሻምበል፣ የተጻፈው የወፍ ስምና ቁጥር ብቻ ነው።»

«ወንፊት» የምስጢር ስሙ ነው። በ1969 መጀመሪያ፣ የሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ ምስጢር ሾልኮ ጠላት እጅ ገባ ተባለ። ክፍሉ በወባ ምርምር ላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢ ሆኖ ተቀጠረ፤ ኃላፊውን አቶ ሣህሉን እንዲከታተል።

ጋሽ ሣህሉም ሥራ የጀመሩት እዚያው ገንዳ ላይ ጠርሙስ በማጠብ ነው። ፈረንጆቹ ተመራማሪዎች ምሳ ሲወጡ ማይክሮስኮፑን ተደብቀው እያዩ ተማሩ። ቴክኒሽያን ሆኑ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ኃላፊ። «እጅህ አይንቀጠቀጥም፤ አንተም ትደርሳለህ» ብለው ክፍሉን ያስተምሩት ጀመር። እሑድ እሑድ በሁርሶ መንገድ ይዘውት እየወጡ ወፍ ይቆጥራሉ፤ በዚያ ደብተርም ይመዘግባሉ። ልጅ አልነበራቸውም።

ሻምበሉ ከኪሱ አንድ ወረቀት አውጥቶ ደብተሩ ውስጥ ሸጎጠ። የታንክና የወታደር ቁጥር ተጽፎበታል።

«ይሄ የእሳቸው ጽሑፍ አይደለም» አለ ክፍሉ።

«ታዲያ ምስጢሩ ከእኔ ቢሮ ወጣ ልበል? እዚህ ላይ ፈርም። ከእሱ ቤት አገኘሁት በል።»

ክፍሉ ዞር አለ። ሁለት ሰዎች ከኋላው ቆመዋል።

እጃቸው ኮታቸው ውስጥ ነው።

ፈረመ።

እንደለቀቁት ወደ ላቦራቶሪው በረረ።

«ጋሼ፣ እኔ የደኅንነት ሰው ነኝ። ሊይዙዎት እየመጡ ነው። በጓሮ ይውጡ፤ ሾፌራችን ኩልሚዬ እስከ ዋሂል መንደር ያደርስዎታል!»

ጋሽ ሣህሉ መነጽራቸውን አወለቁ። አተኩረው አዩት።

«እኔ ብሸሽ ባለቤቴን ይይዟታል» አሉ።

በሩ ተበረገደ።

ታጣቂዎች።

ጋሽ ሣህሉ ክፍሉን ገፈተሩት። «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ዕቃህን አታጥብም!» ብለው ጮኹበት።

ገባው። ማስጠንቀቁ እንዳይታወቅበት ነው። ፊቱን ወደ ገንዳው አዞረ። ሲወስዷቸው ቀና አላለም።

በአራተኛው ቀን ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ስንቅ አንጠልጥለው መጡ።

«ሦስት እስር ቤት ሄድኩ፤ እዚህ የለም ይሉኛል። አንተ የሰማኸው አለ፣ ልጄ?»

ክፍሉ ሰምቷል። ትናንት ረሽነዋቸዋል።

«አልሰማሁም፣ እትዬ።»

«ሰው ሁሉ ሸሸን። አንተ ብቻ ቀረህልን።» ስንቁን ፈቱት። «በል፣ ከሚበላሽ አንተ ብላው።»

እያዩት በላ።

በማግስቱ ከሻምበሉ ሌላ ስም ያለበት መታወቂያ ተሰጠው፤ በባቡር ከድሬዳዋ ወጣ። አዋሽ ሲደርሱ አጠገቡ የተቀመጠ ተሳፋሪ ስሙን ጠየቀው። ትንሽ አመነታና አዲሱን ስም ነገረው።