የሻምበሉ ዓሦች ሕመም

ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሴት ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ፣ በማታ ትምህርት፣ በዕድሜ ከሚያንሰኝ አስተማሪ ፊት ተቀምጬ ስለሆነ፣ ያገኘኋትን እውቀት በዋዛ የምበትናት አልነበረም። በሽታ ምልክት አለው፣ ምልክቱም መነሻ አለው፣ መነሻው ካልታወቀ በደንብ ያላየ ሰው ነው ጥፋቱ፣ እል ነበር፣ አሁንም ከሞላ ጎደል እንደዚያው ነኝ፣ ያችን አንድ ቀን ካልቆጠርናት።

ጊዜው ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካለፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ጅጅጋ በእንስሳት ክሊኒክ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ፣ ሥራዬ የግመል እከክ፣ የበግ ቁስል፣ የላም ጡት እብጠት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባሻ ደምሴ የሚባል ጢሙ የሸበተ ወታደር መጣና ሻምበሉ ይፈልግሻል አለኝ። ሻምበሉ ከተማው ውስጥ ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራው ሰው ያልነበረ መኮንን ነው። ምን ታመመበት ብዬ ስጠይቅ ባሻ ግራ ቀኝ አይቶ፣ «ዓሣ» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ፣ እሱ ግን አልሳቀም።

መንገድ ላይ እንዳጫወተኝ፣ ሻምበሉ ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ ድረስ፣ ከዚያም በመኪና፣ ወርቃማ ዓሦች አስመጥቶ ሳሎኑ ውስጥ ባለ ትልቅ የመስታወት ሳጥን፣ አኳሪየም በሚሉት፣ ያኖራቸዋል፤ ከሰው ይልቅ የሚያናግረው እነሱን ነው። አሁን እየሞቱበት ነው። የመረዘቻቸው ደግሞ ወጥ ቤቷ ሐዋ ናት ብሎ ከጠዋት ጀምሮ እየደበደባት ነው። ሐዋ ባሏ በጦርነቱ ጊዜ ወጥቶ የቀረባት የጅጅጋ ሶማሌ ናት።

ስገባ ሐዋ ወለሉ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። ሻምበሉ በካናቴራ ሆኖ ቀበቶውን እጁ ላይ ጠቅልሏል።

«ዶክተር» አለኝ፣ ረዳት መሆኔን እያወቀ፣ «ግመሎቹ ዛሬ ይቅር ይበሉሽ።»

ምን እንደሚፈልግ በአጭሩ ነገረኝ። ሰዓት እላፊ እስኪገባ ጊዜ አለሽ፣ በሽታ ከሆነ በሽታውን አሳይኝ፣ መርዝ ከሆነ ግን ይቺን ለሚመለከታቸው አስረክባታለሁ አለ። የተረከቡት ሰው ጫማው እንኳ ለቤተሰቡ እንደማይመለስ ጅጅጋ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ይህን ብሎ ራዲዮኑን ይዞ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፣ ሽጉጡ ከወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

እንግዲህ ክሊኒካችን ውስጥ አንድ የቆየ መጽሐፍ ነበር፣ ስለ ዓሣ ጥቂት ገጾች ነበሩት፣ እኔም ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ስለሆንኩ አንብቤአቸዋለሁ፤ ሥራ ላይ ይውላሉ ብዬ ግን አላሰብኩም። ገሚሶቹ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። በሕይወት ያሉት ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ሁሉም ወደ አንዱ ግድግዳ ዞረው ተሰልፈው፣ እየተንደረደሩ ግንባራቸውን ከመስታወቱ ያላትማሉ፣ ድ… ድ… ይላል፣ ይመለሱና እንደገና፣ ግንባራቸው ተልጦ ደም እንደ ቀጭን ክር ውሃው ውስጥ ይሳባል።

ምልክቶቹን በተራ በተራው አየሁ። አየር ቢያጥራቸው ኖሮ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ነበር፣ አልወጡም፣ በጄኔሬተር የሚሠራው የአየር መንፊያም ይንቦቀቦቃል። በጅጅጋ ብርድ የሚመጣው፣ ጨው የተነሰነሰ የሚመስለው ነጭ ነጠብጣብ የለም። ጥጥ የመሰለ ሻጋታ የለም። የክንፋቸው ጫፍ አልተበላም። የሚተነፍሱበትን ስንጥባቸውን በጥፍሬ ገልጬ በማጉያ መነጽር አየሁት፣ ጤነኛ ቀይ ነው፣ መርዝ ወይም የውሃ መድኃኒት ቢሆን ተቃጥሎ ነበር። ሙቀቱን ልለካ ብል የያዝኩት የከብት ቴርሞሜትር ለቀዝቃዛ ውሃ ስለማይሆን ክንዴን ነክሬ ገመትኩት፣ ደህና ነው።

ከዚያ የሞቱትን አውጥቼ ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸውና ያን ጊዜ አየሁት። በእያንዳንዱ ዓሣ ላይ፣ በትንሹም በትልቁም፣ ከስንጥቡ በታች ዙሪያውን የሚከብ የበለዘ መስመር አለ። ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ተጫጭኗል። የከብት ሰው ስለሆንኩ ያንን ምልክት አውቀዋለሁ፣ ጠብቆ የቆየ ገመድ የሚተወው ነው። ዓሣን በገመድ የሚያስር ማን ነው?

ባሻን ውሃው ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት። ከቦቴው ነው አለ። እርግጠኛ ነህ? አልኩት። ባሻ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ወደ በረንዳው ሰረቅ አድርጎ ካየ በኋላ በሹክሹክታ፣ ቦቴው ተበላሽቶ ስለነበር የተረፈውን ለመጠጥ አስቀምጠው፣ ለዓሦቹ ግን በቱሊ ጉሌድ መንገድ ካለ አንድ ቢርካ ቀድቶ እንደቀየረላቸው ነገረኝ። ቢርካ ዝናብ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ትልቅ ጉድጓድ ነው። አፉ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ተከምሮበት ነበር አለ፣ ባለቤቱ ከሰው ከብት ሊከለክል ያጠረው መስሎኝ አንስቼ ቀዳሁ፣ እኛ አገር አጥር ማለት የሰው ንብረት ማለት ነው፣ ለሻምበሉ ነው ብል ማን ይናገረኛል ብዬ ነው አለኝ።

 ሐዋ ከወለሉ ቀና አለች።

«ያ አጥር አይደለም፣ ባሻ» አለች። «ከዚያ ማንም እንዳይቀዳ ነው። ሰዎችን የፊጥኝ አስረው በሕይወታቸው የጣሉበት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳውን በእግራቸው ሲመቱ ይሰማ ነበር ይላሉ።»

«ማን ነው የጣላቸው?» አልኩ።

«ጦርነት ነበር፣ አባዮ» አለችኝ፤ አባዮ በእነሱ እህቴ ማለት ነው። «ባሌም እዚያ ነው ይላሉ። እኔ አላየሁም።»

ባሻ ወደ በረንዳው እያየ፣ ሻምበሉ በጦርነቱ ጊዜም እዚሁ እንደነበረ ለራሱ የሚናገር ያህል አጉተመተመ።

እኔ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ውሃው ተበላሽቷል፣ አለቀ፣ አልኩ። ይህም መልስ ነው፣ ሐዋንም ያድናል። እሷ ለመጠጥ አፍልታ ያቀዘቀዘችው የቦቴ ውሃ ነበር፤ የፈላ ውሃ አየሩ ስለሚያልቅ እሷና እኔ እንደ ሻይ ከዕቃ ወደ ዕቃ ከከፍታ እየገለበጥን አየር አስገባንበት፣ ጨው ለክቼ በጥብጬ፣ በሕይወት ያሉትን ወደ ሳፋ አዛወርን። እንደገቡ ጸጥ አሉ። ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ከላያቸው ሲደበዝዝ፣ ከዚያም ሲጠፋ፣ በዓይኔ አየሁ። የበለዘ ሥጋ እንዲህ በቶሎ አይድንም፣ ይህን ሙያዬ ነውና አውቃለሁ።

ሻምበሉን ጠራሁትና መርዝ የለም፣ ውሃው ነው አልኩት። ሳፋውን አየ፣ የቀረውን ውሃ አየ። አላመነኝም። በብርጭቆ ከአኳሪየሙ ቀድቶ ሐዋ አፍንጫ ሥር ያዘና፣ መርዝ ከሌለው ጠጪ አላት። አልጠጣም አለች። ያንን ውሃ ለምን እንደማትጠጣ እኔ ገብቶኛል፣ እሱ ግን ማስረጃ አገኘ፣ ፀጉሯን ይዞ ጭንቅላቷን ከግድግዳው አጋጨው፣ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው፣ ባሻንም መኪና እንዲያስነሳ አዘዘው።

እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፣ ብርጭቆውን ከእጁ ወስጄ ተጎነጨሁ። አንድ ጉንጭ ዋጥኩ። ቀዝቃዛ ነው፣ የሲሚንቶ ጣዕም አለው፣ ሌላ ምንም። ቆሜ አየሁት፣ እሱም አየኝ።

ሐዋ ደሟን በሻሿ እየጠረገች፣ ጭራሽ ሳትጮህ፣ «እሷ ጠጣች። ሻምበል ግን ፈራ» አለች።

በጥፊ መታት። ከዚያ ሳቀ፣ ብርጭቆውን ከእጄ ነጠቀና የቀረውን ጨልጦ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ይኸው» አለ። «እንግዲህ ሂጂ ከቤቴ፣ መርዝ ባትሆኚም መዓት ነሽ» አላት ሐዋን።

ልክ ያን ጊዜ አኳሪየሙ ተመታ። ድ… ድ… ዓሣ የሌለበት ባዶ ውሃ ነው፣ ሁላችንም እያየነው ነው፣ ከውስጥ ይመታል፣ የተረከዝ ምት ይመስላል። ሻምበሉ ወደ በረንዳው ሮጦ ሽጉጡን ይዞ ተመለሰና ተኮሰበት፣ ደጋግሞ ተኮሰ፣ መስታወቱ ፈነዳ፣ ውሃው ወለሉን አጥለቅልቆ እግሩ ሥር ሲደርስ ሽጉጡ ከእጁ ወደቀ። እጆቹ ወደ ኋላ ሄዱ። እመኑኝ፣ ራሱ አላደረጋቸውም፣ ትከሻው ቋ ብሎ ሲላቀቅ ሰምቻለሁ። በጉልበቱ ወደቀ፣ ከዚያ በፊቱ፣ ከአፉና ከአፍንጫው ውሃ ይወጣል፣ ከጠጣው እጅግ የበዛ፣ ጥቁር ውሃ። ባሻና እኔ እጆቹን ለማለያየት ጎተትን፣ ሁለት ሰው ሆነን አቃተን፣ ባሻ የሚፈታ ገመድ እየፈለገ በጣቶቹ ይዳብሳል፣ ገመድ ግን የለም፣ የሻምበሉ የእጅ አንጓ ላይ ያለው ሥጋ ብቻ ዙሪያውን ወደ ውስጥ እየሰረጎደ ይሄዳል፣ እግሮቹ ወለሉን ይመታሉ፣ ድ… ድ…

ሐዋ ቆማ ታየው ነበር። በሶማልኛ ዝቅ ብላ አንድ ነገር ተናገረች፣ የባሏን ስም መሰለኝ። ያን ጊዜ የያዘው ነገር ለቀቀው።

ሻምበሉ አልሞተም። መናገር ሲችል የተናገረው አንድ ቃል «ውጡ» የሚል ነው፣ ዓይኑን ግን ከሐዋ ላይ አላነሳም፣ ከዚያ በኋላም እሷን አሳልፎ ለመስጠት ትንፍሽ አላለም። ብዙም ሳይቆይ በሕመም ምክንያት ተዛወረ ተባለ፣ እጆቹን ማንቀሳቀስ አቅቶታል ያለም ነበር። አዎ፣ የጭንቅላት ደም መፍሰስ፣ ድንጋጤ፣ የሚጥል በሽታ፣ ሁሉንም አስቤዋለሁ፣ መጽሐፍም አገላብጫለሁ።

ከግቢው ስንወጣ መሸትሸት ብሎ ነበር። ሐዋ በዚያው ወደ ዘመዶቿ ልትሄድ ነው፣ እኔ ግን አላስችል አለኝ፣ እኔም ጠጥቻለሁ አልኳት፣ በጦርነቱ ጊዜ እዚህ አልነበርኩም፣ ማንንም አላሰርኩም፣ ለእኔም ይመጣል ወይ?  ሁለቱንም እጆቼን ይዛ ገለበጠቻቸው፣ አንጓዬን በአውራ ጣቷ ዞር ዞር አድርጋ ዳሰሰችው፣ ረጅም ጊዜ ዳሰሰችው፣ ከዚያ በቀስታ ለቀቀችኝ።

«አባዮ» አለችኝ፣ «ማታ ብቻሽን አትደሪ።»

ዘወር ሳትል ሄደች፣ ምን እንዳገኘች አልነገረችኝም፣ ዳግም አላየኋትም። እኔ በጎን የምተኛ ሰው ነኝ፣ ሁልጊዜ በቀኝ ጎኔ። ከዚያ ወዲህ ግን አንዳንድ ጠዋት በጀርባዬ ተንጋልዬ እነቃለሁ፣ ሁለቱም እጆቼ ከሥሬ ናቸው፣ ደንዝዘዋል፣ ለማውጣትም ጥቂት መታገል አለብኝ።