የተክለ ማርያም ጣቶች

ተክለ ማርያም ባሕር ማዶ ኢቶቢኮ ባለው የቺፕስ መጥበሻ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርሮ የተገኘው አርብ ከሰዓት ነበር። የበርበሬና ቺዝ ጣዕም ያለው አዲሱ የበቆሎ ቺፕስ ገና ከትሪው ላይ አልቀዘቀዘም። ሐኪሙ «የገደለው የለውዝ አለርጂ ነው» አለ። ለውዝ ግን በመጥበሻ ቤቱ አልነበረም፤ ትሪው ተመርምሮም አልተገኘበትም።

ሸሪኩ ዘይኑ መርማሪዋን ስመኝን ያስጠራት ረቡዕ ዕለት ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው መሆኑ ከበሩ ያስታውቃል።

«ፖሊሶቹ ነገ ከሎየርህ ጋር ና ብለው ኮል አደረጉልኝ» አለ። «ቻርጅ ሊያደርጉኝ፣ ሊከሱኝ ነው። ለውዝ እንደሚገድለው የምናውቀው እኔና ሚስቱ ብቻ ነን። የጠበስኩት ደግሞ እኔ። ወይዘሮ ስመኝ፣ ልጆቼን ምን እላቸዋለሁ?»

«ለምን ሁለታችሁ ብቻ?»

«ያፍር ነበር። ትልቅ ሰው ለውዝ ይፈራል ብለው እንዳይስቁበት አስምሎኛል። ምን እንዳለበት ሳይጠይቅ ግን የሰው ምግብ አይነካም።»

ስመኝ ማባበል አይሆንላትም። «ጣቶችዎን ያሳዩኝ» አለችው። ጥፍሮቹ ሥር የበርበሬው ቅላት እስካሁን አልለቀቀም። ጠበቃው የሰጣትን የሟቹን ፎቶግራፎች አወጣች። የተክለ ማርያም ጢምና ከንፈር ቀልቷል። ሁለቱም እጆቹ ግን ንጹህ ናቸው። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስዳ ደግማ አየችው።

የሟቹ ሚስት አጸደ ድምፅዋ አልቆ ነበር። «ቅመሙን የቀመምኩት እኔ ነኝ። ገደልሽው በሉኝና ይብቃ።»

«ከትሪው ቀምሷል?»

«ቺዝ አለበታ! አርብ ነው፣ ነገ እቀምሳለሁ አለኝ። እኔም ቢሮ ገባሁ። ዘይኑ ውጭ ዕቃ ይጭን ነበር።»

የአጸደ ወንድም በርናባስ ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ የስደተኝነት ጉዳዩም አላለቀም። ከእነሱው ጋር ይኖራል፣ እዚሁም ይሠራል። ስመኝ ሻይ ቀድታለት ወተት ልትጨምር ስትል ስኒውን በመዳፉ ከደነ።

«ረቡዕ ነው» አለ።

«አርብ ዕለት አንተም ቀምሰሃል?»

«አዎ፣ ከጋሼ ጋር ከትሪው በላሁ። እኔ ምንም አልሆንኩም።»

ስመኝ ወተቱን መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ሦስቱንም መጥበሻው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ሁሉም ሰው የፈለገው ለውዝ እንደሚገድለው የሚያውቀውን ነው» አለች። «እኔ የማያውቀውን ፈለግሁ። ተክለ ማርያም ከንፈሩ ቀልቶ ጣቱ ንጹህ ነው። በገዛ እጁ አልበላም፤ ጎርሷል። እንደዚያ የሚጠነቀቅ ሰው እንኳ ጉርሻ ሲቀርብለት ምን አለበት ብሎ አይጠይቅም።»

ፎቶግራፉን አውጥታ አሳየቻቸው።

«ቀኑ አርብ ነው። ቺዝ ያለበትን ጉርሻ አይቀበልም። ስለዚህ የጎረሰው የጾም ቺፕስ ነው። በቺዙ ፈንታ ቅባት ያለው፣ የሚያጣፍጥ ነገር ገብቶበታል፤ የተፈጨ ለውዝ። ከትሪው በላሁ ያለኝ ሰው ደግሞ ዛሬ ጠብታ ወተት አልቀመሰም።» ወደ በርናባስ ዞረች። «ልጄ፣ አርብ ዕለት የበላኸው ራስህ የሠራኸውን ነው።»

በርናባስ ካርቶን ላይ ቁጭ አለ።

«አላውቅም ነበር» አለ። «ሰው ሁሉ ሲቀምስ እሱ ሊያይ ነው ብዬ አሳዘነኝ። ከእትዬ በርበሬ ወስጄ፣ ለውዝ ገዝቼ ቤት ሠራሁት። ‹ጋሼ፣ የጾም ነው፣ ትራይ አድርገው› ብዬ በእጄ አጎረስኩትና ወደ ሥራዬ ወጣሁ። ሐኪሙ ሲናገር ነው የገባኝ። ከሀገር ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ። የተረፈውን ጣልኩት።»

«ዘይኑ ሊታሰር እያየህ?» አለች ስመኝ።

አጸደ ወደ እሱ ስትሄድ የምትመታው መሰላቸው።

«ሲጎርስ ምን አለ?» ስትል ጠየቀችው።

«‹የሚሸጠው ይሄ ነው› አለኝ። ‹ድገመኝ› አለኝ።»

«ደገምከው?»

«ደገምኩት።»

አጸደ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዘይኑ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

«ስቴሽን የተጠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ነገን አንጠብቅም፣ አሁኑኑ አብረን እንሄዳለን። ብቻህን አትገባም።»

በርናባስ አልሰማውም። ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያየው ነበር። ያንኑ እጅ ይዛ ያስነሳችው አጸደ ናት።