የሦስቱ ጣሪያዎች ኢንቨርተር

ኢንቨርተሩ የጠፋው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ድሬዳዋ ምሳዋን በልታ ጋደም ባለችበት ሰዓት። ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ሦስት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ፣ ከፍ ብሎ ከተሰቀለበት ግድግዳ ላይ የብሎን ቀዳዳ ብቻ ቀረ። የሦስቱም ቤት ጣሪያ ሶላር እንደለበሰ ነው፤ የፀሐዩን ኃይል ለቤት መብራት የሚቀይረው ሳጥን ግን የለም። ፍሪጁ ቀጥ አለ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ፣ የውኃ ፓምፑም ዝም አለ።

ኢንስፔክተር ሰርካዲስ መጣች። መሰላሉን ከዘበኛው ከዒሴ ክፍል ጀርባ አገኘችው። በቃ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

የግቢው ሽማግሌ አቶ ሰይፈ ሚካኤልም፣ "በዚያ ሰዓት ከእሱ በቀር የነቃ ሰው አልነበረም" አሏት። እሳቸው የምድር ባቡር ኤሌክትሪሺያን የነበሩ፣ የአባቷ የሥራ ባልደረባ፣ በልጅነቷ ሒሳብ ያስጠኗት ሰው ናቸው። ቃላቸውን መጠርጠር ወደ አእምሮዋም አልመጣም። ዒሴን በካቴና አስራ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ፣ ይዛው ሄደች።

"አንተ ነህ የወሰድከው?"

"አይደለሁም።"

"ተኝተህ ነበር?"

"ዋላሂ አልተኛሁም።"

"ካልተኛህ አይተሃል። ማን ነው?"

ዒሴ መሬት መሬት አየ። "አንቺ ፖሊስ ነሽ፣ ፈልጊ። እኔ ሌባ አይደለሁም። ከዚህ ሌላ ከአፌ አይወጣም።"

ንግግሩ አናደዳት። "ዓይነ ደረቅ ሌባ" ብላው ወጣች።

በማግስቱ ሚስቱ ዳሃቦ ምሳ ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"ወንድሞቼ ከመልካ ጀብዱ መጥተዋል። የሌባ ሚስት ሆነሽ አትኖሪም ብለው ዛሬ ሊወስዱኝ ነው። ሰርቆ ከሆነ ንገሪኝ፣ ልሂድ። ካልሰረቀ ግን አቦ ቶሎ በይ።"

ሰርካዲስ ምን ትበል? ሴትዮዋ ፊቷ ላይ ቆማ መልስ ትጠብቃለች፣ በእጇ ያለው ደግሞ አንድ መሰላል ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነው መሥራት የነበረባትን ሥራ የጀመረችው።

መጀመሪያ የሄደችው ሶላሩን ወደ ሸጠው ሉቅማን ሱቅ ነው። መብራቱ አልበቃ ብሏቸው የከረሙት የግቢው ሰዎች፣ ብልሹ ዕቃ ሸጦልን እንዳይጋለጥ መልሶ ወሰደው እያሉ ያሙታል።

"እኔ?" አለ ሉቅማን። "ቅዳሜ ከባለሙያ ጋር መጥቼ ልፈትሸው ቀጠሮ ይዤ፣ ለምን ብዬ እሰርቃለሁ? ሳጥኑ ጤነኛ ነው። እኔ የጠረጠርኩት የገመዱን አቀጣጠል ነው።"

"አቀጣጠሉ ምን ሆነ?"

"አንዱ ጣሪያ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ አንዱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚያገኘው። ሦስተኛውን የኒም ዛፍ ይጋርደዋል። እያንዳንዱን በራሱ መስመር አምጥቶ ማስገባት ነው። ሁሉንም ባንድ ገመድ ካቀጣጠልሻቸው ጥላ ያረፈበት ሌሎቹንም ይዞ ይቀራል። ሳጥኑ ምን ያድርግ?"

"ዕቅዱን ያወጣው ማን ነው?"

"አቶ ሰይፈ ሚካኤል ናቸዋ። እኔን ልታስተምሩ ነው ብለው ሠራተኞቼን ጣሪያው ላይ እንኳ አላስወጡም።"

ሰርካዲስ ወደ ግቢው ተመለሰች። ትናንት ያላየችውን ግድግዳ ዛሬ አየችው። ገመዶቹ አልተቆረጡም። ተፈትተዋል። እያንዳንዱ ጫፍ ለብቻው በቴፕ ተጠቅልሎ፣ የልጆች እጅ እንዳይደርስበት ወደ ላይ ታጥፏል። በዚያ ፀሐይ ገመዱ ሙሉ ኃይል ይይዛል፤ የፈታው ሰው ግን አስቀድሞ የጣሪያውን ማብሪያ ማጥፊያ ዘግቷል። ሌባማ መዳቡን ቆርጦ ይሮጣል። ይሄኛው ሥራውን የሚያውቅ፣ የግቢው ልጆች እንዳይጎዱ የሚሳሳ ሰው ነው። ዘበኛው እንዲህ ያለ ሙያ ከየት ያመጣል? ፊቷ በሐፍረት ጋለ። ሁሉም ነገር ትናንትም እዚሁ ነበር።

የአቶ ሰይፈ ሚካኤልን በር አንኳኳች።

"ጋሼ፣ ሳጥኑ የት ነው?"

"የቱ ሳጥን?"

"የገመዶቹን ጫፍ በቴፕ የጠቀለሉለት።"

ሽማግሌው ወደ ጓሮ መሯትና የባዶውን የውኃ ሮቶ ክዳን ከፈቱ። ኢንቨርተሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ውስጡ ተቀምጧል።

"ሰው ሁሉ አምኖኝ ነበር" አሉ። "መብራቱ አልበቃ ሲል ጥፋቱ የሳጥኑ ነው አልኳቸው። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሳየው ስህተቱ የራሴ ነው። ቅዳሜ ባለሙያው መጥቶ፣ ይሄን የቀጠለው ማን ነው ሲል፣ በዚህ ዕድሜዬ በጎረቤት ፊት... አፈርኩ ልጄ። ልሸጠው አይደለም።"

"ዒሴስ?"

"መሰላሉን የመለስኩት ወትሮም ከሚቀመጥበት ነው፤ ማስረጃ ሲጠፋ ይለቁታል ብዬ ነው።"

"ማስረጃ ያደረግኩት የእርስዎን ቃል ነው እኮ፣ ጋሼ።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ጣቢያው ተከተሏት።

ጣቢያው ግቢ ውስጥ ዳሃቦና ወንድሞቿ ቆመዋል። ዒሴ ሲወጣ ሰርካዲስ እነሱ እየሰሙ ተናገረች። "ዒሴ ሌባ አይደለም። ሳላጣራ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሌባ ብዬ የሰደብኩትም እኔ ነኝ።"

አቶ ሰይፈ ሚካኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለዳሃቦ ወንድሞች በራሳቸው ቋንቋ በሶማልኛ፣ ሳጥኑን የወሰዱት እሳቸው መሆናቸውን፣ ለምን እንደወሰዱትም ነገሯቸው። 

"አውቃለሁ፣ አዴር" አለ ዒሴ። አዴር፣ አጎቴ ማለቱ ነው፤ ድሮም እንደ ቤተሰብ አንተ እያለ ነው የሚጠራቸው። "አቅፈኸው ስታልፍ አይቼሃለሁ። ከባድ ነው፣ ላግዝህ ልልህ ነበር።"

ሰርካዲስ ደነገጠች። "ለምን ታዲያ አልነገርከኝም?"

"ሽማግሌ ነው። እኔ ሰው ፊት ላዋርደው? ራሱ መጥቶ ይናገራል ብዬ ነው።" ወደ ሽማግሌው ዞረ። "የጣቢያው በር በተከፈተ ቁጥር አንተ የመጣህ ይመስለኝ ነበር።"

"ይቅር በለኝ፣ ልጄ።"

"ይቅር ብያለሁ። ግቢህን ግን ሌላ ሰው ይጠብቅልህ።"

ዳሃቦ ባሏን በክንዱ ይዛው ወጣች፤ ወንድሞቿም ተከተሉ። ሰርካዲስ የአቶ ሰይፈ ሚካኤልን ቃል ልትቀበል ወረቀት አወጣች። ስማቸውን ጠየቀቻቸው፤ ቀና ብላ ልታያቸው ግን አልቻለችም።