ያላለቀው ጃኬት

ቅዳሜ ጠዋት የወጣቱ ዘፋኝ የሚኪ ሬሳ ከንፋስ መውጫ ዳር፣ ከገደሉ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ሹል ጫማ፣ ጠባብ ሱሪ፣ የከፈይ ኮሌታ ያለው ረጅም ቀይ ጃኬት ለብሷል። በቅባት ወደ ላይ ያቆመው ፀጉሩ ከኋላ በደም ተጣብቋል። ኢንስፔክተር ካሣነሽ ተንበርክካ የጃኬቱን ብብት አየች፤ ኮሌታውን ገልጣ ሸሚዙን አየች።

የሟቹ ታላቅ ወንድም አለባቸው ክላሹን እንደያዘ ይጮሃል። «ልብስ ሰፊው ወርቅነህ ነው የገደለው! ደሙን ሳልመልስ አፈር አይለብስም!»

«በምን አወቅህ?»

«ትናንት በምሳ ሰዓት ይኼን ጃኬት ለብሶ ከሱቁ ሲወጣ አይቸዋለሁ። እጁን አንስቶ ሰላም አለኝ። ሰውየው እየተሳደበ ተከተለው።»

ካሣነሽ አገሩን ታውቃለች። እሑድ ከቀብሩ በፊት ገዳዩ ካልተለየ ወርቅነህ በጥይት ይደፋሉ።

ሽማግሌውን ሱቃቸው ውስጥ አገኘቻቸው። «ጋሽ ወርቅነህ፣ ከሚኪ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«በየቀኑ! የጥንቶቹን የሮክ ዘፋኞች ፎቶ በስልኩ እያሳየ ‹ሱሪውን አጥብበው› ይለኛል። ‹ልጄ፣ ከቆዳህ ጋር ልስፋው?› እለዋለሁ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ጃኬቱ ትናንት ምሳ በልቼ ስመለስ ከመስቀያው የለም።»

ለሚኪ ጊታር መቺ ለልመንህ የብብቱን ፎቶ አሳየችው። «ይኼ ነጭ ክር ምንድን ነው?»

«ለልክ የተያዘበት ነዋ፤ ገና አላለቀም። ሚኪ ይኼን ለብሶ አደባባይ? ቢሞት አይለብሰውም!» አለና የተናገረው ሲገባው አፉን ያዘ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የአለባቸውን ክላሽ ፖሊሶች በር ላይ ተቀበሉት።

«አለባቸው፣ ብብቱ ላይ ያለው ነጭ ክር ምንድን ነው?»

«የነሱ ጉድ ነዋ፣ ፋሽን! ወንድ ልጅ እንደ ሙሽራ በጥልፍ!»

«ጥልፍ አይደለም። ልብስ ሰፊ ለጊዜው የሚይዝበት ክር ነው፤ ክንድ ከፍ ካለ ይበጠሳል። አንተ እጁን አንስቶ ሰላም አለኝ አልህ። አንዱም አልተበጠሰም። ከገደል ቢወድቅማ እጅጌው አብሮት አይገኝም። ሸሚዙ ላይ ደም ደርቋል፤ የጃኬቱ ገበር ግን ንጹሕ ነው። ከሞተ በኋላ ነው ያለበሱት።»

«እንግዲህ ይኼው ሰውዬ አልብሶታል!»

«ጋሽ ወርቅነህ በገዛ ጃኬታቸው ራሳቸውን አያስይዙም። ልመንህም ያላለቀ መሆኑን ያውቃል። ያለበሰው ክሩን ጌጥ የመሰለው ሰው ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቀስ ብለህ ነው ያለበስኸው። አንድ ክር እንኳ ሳይበጠስ።»

አለባቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አባታችን ቤተ ልሔም ገብቶ ድጓ የተማረ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። ‹ልጅህ እንደ ሴት ተቀብቶ ይዘፍናል› ሲሉት አንገቱን እንደ ደፋ ሞተ። ጃኬቱን ከመስቀያው የሰረቅሁት እኔ ነኝ፤ የለበሰውንም የሰፋለትንም ልበቀል አልሁ። አንዱን በድንጋይ፣ አንዱን በጥይት።»

ፖሊሶቹ ሲያስሩት ወርቅነህ ከመደርደሪያው የተረፈውን ቀይ ጨርቅ አወረዱ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አለች ካሣነሽ።

«ነገ ለቅሶው ላይ የሟች ልብስ ከፍ ብሎ ይያዛል። ያ ማስረጃ ነው፤ ሌላ እሰፋለሁ። የአባቱ ዘመድ ሁሉ በዚህ ሥር ቆሞ ያለቅሳል።» ወደ አለባቸው ዞሩ። «ይኼኛውን እጨርሰዋለሁ።»

አለባቸው መንገዱን ይዞ እስኪርቅ ድረስ የስፌት መኪናው ድምፅ ተከተለው።